ቁርጡ ያልታወቀ ሐዘን፦ የሥነ ልቦና አዳዲስ መንገዶች ከራያ ቆላ ሲታዩ

መርዶ ሰዓትና ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች በሌሊት ይሰባሰባሉ፤ ጎህ ሲቀድ ከደጅ ይደርሳሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ መንገዱ የታወቀ ነው። ልቅሶው ይነሣል፣ ጎረቤት እህልና ውሃ ይዞ ይመጣል፣ ክርስቲያኑ አርባውንና ሰማንያውን ይቆጥራል፣ ሙስሊሙ ሰደቃውን ያወጣል። በዋጃና ከቆቦ እስከ አላማጣ በተዘረጋው የራያ ቆላ ግን መርዶም የምሥራችም ያልደረሳቸው ቤቶች አሉ። ልጃቸው በጅቡቲና በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ አረቢያ ሲያቀና ደብዛው የጠፋ፣ ወይም በጦርነቱ ዘመን ወጥቶ ያልተመለሰ ቤተሰቦች ናቸው። ድንኳን አይጥሉም፣ ተዝካር አያወጡም፣ ልብሱንም ለሌላ አይሰጡም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ በቬትናም ጦርነት የጠፉ ወታደሮችን ቤተሰቦች ስታጠና ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ስሜት ከተለመደው ሐዘን ለይታ አሳወቀችው። ዛሬ ራሱን የቻለ የሥነ ልቦና ጥናት ዘርፍ ሆኗል። በአማርኛ ግን ነገሩ ቀድሞውንም ስም አለው፤ ቁርጡን አለማወቅ እንለዋለን። የዚህ ዳሰሳ ክርክር ከዚህ ይነሣል። ሥነ ልቦና ዛሬ የሚያበቅላቸው አዳዲስ ቅርንጫፎች አብዛኞቹ እንደ ዋጃ ባለ ቦታ ሲኖሩ ወደ ቆዩ ጥያቄዎች እየመጡ ነው። ስለዚህ የሳይንሱ የወደፊት አቅጣጫ ሊመዘን የሚገባው እዚህ ሲደርስ እውነት ሆኖ በመገኘቱ ነው።

ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 በላይፕሲግ ቤተ ሙከራውን ሲከፍት ሥነ ልቦና ራሱን እንደ ፊዚክስ ሊያቆም ፈለገ። አንድ ሰው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ መለኪያ በቂ ይመስል ነበር። ያ ምኞት ብዙ ቢያፈራም አንድ ትልቅ ጉድለት ይዞ አደገ፤ ስለ «ሰው» የሚናገረው ከጥቂት አገሮች፣ ባመዛኙም ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተሰበሰበ ማስረጃ ነበር። ጆሴፍ ሄንሪክና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ በታላላቆቹ የሥነ ልቦና መጽሔቶች ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶ የሚሆኑት የመጡት ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶ ብቻ ከሚኖርባቸው አገሮች ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ተመራማሪዎች ተባብረው 100 የታተሙ ጥናቶችን እንደገና ሲሠሩ፣ ውጤታቸው ዳግም የታየው ከአርባ ያነሱት ብቻ ሆኑ። እነዚህ ሁለት ምስክርነቶች ሳይንሱን አላፈረሱትም፤ ይልቁንም ራሱን እንዲመረምር አስገደዱት። የባህል ሥነ ልቦና፣ የዓለም አቀፍ የአእምሮ ጤና፣ የአካባቢና የአየር ንብረት ሥነ ልቦና፣ የሰላም ሥነ ልቦና የሚባሉት ዘርፎች የጎለመሱት ይህ ጥያቄ እየከረረ በሄደበት ዘመን ነው። ሁሉም በየራሳቸው መንገድ ሰውን ከቤተ ሙከራው አውጥተው ወደ ደጁ፣ ወደ ማሳው፣ ወደ ቋንቋው መልሰውታል።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ አዲስ መጤ አይደለችም፤ ቦታዋ ግን ብዙ ጊዜ የአጥኚ ሳይሆን የተጠኚ ነበር። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 በጎንደር ዛርን ተከታትሎ ጻፈ። አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግ እ.ኤ.አ. በ1958 የዛር ማኅበርን የቡድን ሕክምና ብሎ ተነተነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የኔዘርላንዱ የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ኺል በግዮን ጠበልንና የመናፍስትን ነገር አጠና። ከሁሉም ይበልጥ ለዛሬ የሚጠቅመን ግን የሌላው የኔዘርላንድ ሐኪም የፍራንክ ኮርትማን ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን የአእምሮ ጤና መጠይቅ በኢትዮጵያ ሲፈትሽ፣ ተጠያቂዎቹ ብዙዎቹን ጥያቄዎች ጠያቂው ባሰበው መንገድ እንዳልተረዷቸው አገኘ። «አዎ» የሚለው መልስ በሽታን ሳይሆን ድህነትን፣ ትሕትናን ወይም የሃይማኖት ሐሳብን ሊናገር ይችል ነበር። ይህ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ቢሆንም ትምህርቱ አላረጀም። አንዲት የራያ እናት «ሐሳብ ይዞኛል»፣ «ሆዴ ይረበሻል»፣ «ልቤ አልረጋ አለ» ስትል የተናገረችው ነገር አለ፤ ከውጭ ተተርጉሞ የመጣው መጠይቅ ግን ያንን ለመስማት አልተሠራም። ዚምባብዌያውያን በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» የሚሉት፣ ማለትም ሐሳብ ማብዛት፣ የመለኪያቸውና የሕክምናቸው መነሻ ሆኗል። የእኛው «ሐሳብ» የሚለው ቃል ተመሳሳይ ክብር ይገባዋል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። አንጎል በዋጃም በላይፕሲግም አንድ ነው፤ ነርቭ ቋንቋ አይለይም፤ የወደፊቱ መንገድ የአንጎል ምስልና የዘር ምርመራ እንጂ የቃላት ጉዳይ አይደለም የሚሉ ብዙ ናቸው። የሚሉት በከፊል እውነት ነው። በቡታጅራ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት የተጣሩበት ታላቅ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም በኢትዮጵያ ገጠርም እንዳለ፣ ሕሙማኑም አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና ሳያዩ እንደኖሩ አሳይቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሆኖ በከባድ የአእምሮ ሕመም የዘር ምርምር የሚሳተፈውም የዓለም የዘር መረጃ ለረጅም ጊዜ ባመዛኙ በአውሮፓውያን ደም ላይ ስለቆመ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የዘር ሳይንሱም ቢሆን ያለ አፍሪካ ጎደሎ መሆኑን አምኖ ነው የመጣው። ደግሞም ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ሰውየው ታማሚ ነው ወይስ አይደለም የሚለው የሚለየው በንግግር ነው። የሰውዬው ቃል በስሕተት ከተሰማ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ማሽን ሁሉ ስሕተቱን በትክክል ይቆጥረዋል።

ከአዳዲሶቹ ዘርፎች ሁሉ ቆቦን በቀጥታ የነካው የሕይወት መጀመሪያ ጠባሳ የሚጠናበት ነው። የዚህ ዘርፍ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ክረምት በኔዘርላንድ በደረሰው ረሃብ ነው፤ በዚያ ወቅት በማህፀን የነበሩ ልጆች ካደጉ በኋላ ለአካልና ለአእምሮ ሕመም ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው ተገኙ። ራያም የራሱ የከፋ ታሪክ አለው። የ1966ቱ ረሃብ ሳይረሳ የ1977ቱ መጣ፤ ዓለም ያንን ረሃብ በቴሌቪዥን ያየው ከዋጃ በላይ ተራራው ላይ ካለችው ከኮረም ነበር። ከዚህ የተነሣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በራያ ቆቦ ወረዳ በዚያ ረሃብ ጊዜ በማህፀን ወይም በሕፃንነት የነበሩ ሰዎችን ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ መርምረው፣ በማስታወስና በማሰብ ፈተና ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ውጤት እንዳላቸው እ.ኤ.አ. በ2020 አሳተሙ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን ሊታለፉ የማይገባቸው ጥያቄዎች አሉት። ዕድሜ የሚታወቀው በትዝታ ነው። በጣም የተጎዱት ሞተዋል ወይም በሠፈራ ተወስደዋል፤ ከረሃቡ በኋላ የቀጠለው ድህነት ከረሃቡ ተለይቶ አይመዘንም። የፈተናውም ወረቀት ፊደል ለቆጠረ ሰው ያደላል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ውጤቱ ለሕዝቡ የሚነገርበት መንገድ ነው። አንድን ትውልድ «አእምሮህ ተጎድቷል» ብሎ መፍረድ ሌላ ቁስል ነው። ጥናቱ በትክክል የሚለው ነፍሰ ጡርን መመገብ ከአርባ ዓመት በኋላ ለሚኖረው የአእምሮ ጤና የሚሠራ ሥራ መሆኑን ነው፤ በዚህ መልኩ ሲነገር ስድብ መሆኑ ቀርቶ ለመንግሥት የቀረበ ክስና ጥያቄ ይሆናል።

የእጦት ሥነ ልቦናና የአየር ንብረት ሥነ ልቦና ከዚሁ ይቀጥላሉ። በሕንድ ታሚል ናዱ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ምርት ከመሸጣቸው በፊትና ከሸጡ በኋላ ሲፈተኑ፣ ያው ሰው በእጦት ወራት የማሰብ ፈተና ላይ እንደሚያንስ ታየ። ሞኝ ስለሆነ ሳይሆን አእምሮው በጭንቅ ተይዞ ስለነበር ነው። ጥናቱ ተተችቷል፤ ስሌቱም አከራክሯል። ሆኖም ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ለማጠጣት ሌሊት የሚያድር የራያ ገበሬ በሐምሌና በነሐሴ በምን ሐሳብ እንደሚዋጥ ለመጠየቅ በር ይከፍታል። በ2013 መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ የደረሰ ማሽላና ጤፍ ሲበላ ገበሬው ያጣው እህል ብቻ አልነበረም። የአውስትራሊያው ፈላስፋ ግሌን አልብሬክት ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ቀዬው ተለውጦ ሲያጣው ለሚሰማው ናፍቆት ስም አውጥቷል። ስሙ ለእኛ ምላስ አይመችም፤ ነገሩን ግን ዝናብ የቀረበት ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል።

የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ግን በአንድ አንቀጽ አይታለፍም። ቆቦ በሐምሌ 2013 በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ ጳጉሜን 4 ቀን በከተማዋ ሲቪሎች መገደላቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች መዝግቧል። በነሐሴ 2014 ውጊያው በዚያው አካባቢ እንደገና ተጀመረ። በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላ በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተነሣ። ዋጃና አላማጣ በየትኛው ክልል ይተዳደሩ የሚለው ጥያቄም እልባት አላገኘም። በዚህ ሁሉ መሐል ተመራማሪዎች መጠይቅ ይዘው መጥተው «ድኅረ አደጋ ጭንቀት» ቆጥረው ተመልሰዋል። ችግሩ «ድኅረ» የሚለው ቃል ነው። አደጋው ገና ያላለፈበት ሰው በሌሊት ቢነቃ፣ ድምፅ ሲሰማ ቢደነግጥ፣ ልጁን ከደጅ ቢከለክል ሕመም ነው ወይስ ጥንቃቄ? ደቡብ አፍሪካዊቷ ጊል ስትራከርና ባልደረቦቿ በአፓርታይድ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1987 ይህንኑ ጠይቀው «የማያባራ የአደጋ ጭንቀት» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በኤል ሳልቫዶር የነበረው የሥነ ልቦና ሊቅና ቄስ ኢግናሲዮ ማርቲን ባሮም ጦርነት የሚያቆስለው ግለሰቡን ብቻ ሳይሆን ሰዎች እርስ በርስ ያላቸውን ግንኙነት ነው እያለ ሲያስተምር እ.ኤ.አ. በ1989 በአገሪቱ ወታደሮች ተገደለ። እነዚህ ሐሳቦች ለአሥርት ዓመታት ከዳር ተቀምጠው ዛሬ ወደ መሐል እየመጡ ነው። በአንጻሩ ከአደጋ በኋላ ሰውን በአንድ ጊዜ ስብሰባ ሆዱን አስከፍቶ መመለስ እንደማይረዳ፣ አንዳንዴም እንደሚጎዳ ከተከማቹ ሙከራዎች ከሃያ ዓመት በፊት ታውቋል። ሆኖም «ማኅበረ ሥነ ልቦናዊ ድጋፍ» በሚል ስም የአንድና የሁለት ቀን ሥልጠና ዛሬም ይሰጣል። ይህ መቆም አለበት።

ታዲያ ራያ የራሱ መድኃኒት የለውም ወይ? አለው። ደም የተቃቡ ወገኖችን የሚያስታርቀው ዘወልድ፣ ከአፋር ጋር ያለውን ጠብ ሲያበርድ የኖረው ሽምግልና፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ የሚቀመጡበት የወሎ ዱዓና ምርቃት ሁሉ ሰው ብቻውን እንዳይቆስል የሚያደርጉ ሥርዓቶች ናቸው። የሰላም ሥነ ልቦና የሚባለው ዘርፍ ለእነዚህ ጆሮ መስጠት ጀምሯል፤ በእኛም ዘንድ «ባህላችን ይበቃናል» የሚል ድምፅ ተነሥቷል። ይህን ድምፅ አልቀበለውም፤ ምክንያቴ የሴራሊዮን ማስረጃ ነው። እዚያ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ200 መንደሮች የእርቅ መድረክ ያለውና የሌለው በዕጣ ተለይቶ ተፈተነ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ውጤት ሁለት ፊት አለው። እርቁ በደረሰባቸው መንደሮች ይቅርታ ጨምሯል፣ ሰዎች ለጋራ ሥራ ይበልጥ ተባብረዋል። በዚያው ልክ ግን የግለሰቦቹ ጭንቀትና ድብርት ብሷል። ማኅበሩ ሲድን ሰውየው ታመመ ማለት ነው። ዘወልድ የሁለት ቤተሰቦችን ደም ሊያደርቅ ይችላል፤ ልጇን ከገደለው ሰው ጋር በአንድ ገበያ የምትውለው እናት ሌሊቱን እንዴት እንደምታነጋው ግን ሽማግሌው አይጠይቅም፤ ሥራውም አይደለም። የሩዋንዳው የሬዲዮ ድራማ ጥናትም ወደዚያው ያመለክታል፤ አድማጮቹ ስለ ሌላው ወገን ያላቸው የግል እምነት ብዙም ሳይለወጥ፣ «በመሐላችን የሚገባው ጠባይ ይህ ነው» የሚለው ግምታቸው ተለወጠ። እርቅና ፈውስ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም። ከሽማግሌው ጎን ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

ያ ሌላ ሰው ማን ይሁን? እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሲወጣ በመላው አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 40 ያህል ነበሩ፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ። በአገር ውስጥ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ዋጃ ሐኪም እስኪደርሳት ብትጠብቅ ትውልድ ያልፋል። መልሱ ከኢትዮጵያ ገጠር መጥቷል። እዚያ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 329 ሰዎች በዕጣ ተለይተው ገሚሱ በጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች፣ ገሚሱ በሆስፒታል በአእምሮ ጤና ነርሶች ታከሙ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት የጤና ጣቢያው ሕክምና ከሆስፒታሉ እንደማያንስ አሳየ። ለቀላሉ ሕመም ደግሞ የዚምባብዌ «የወዳጅነት አግዳሚ» አለ። በአእምሮ ሐኪሙ በዲክሰን ቺባንዳ አነሣሽነት የሠለጠኑ አያቶች በክሊኒክ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሰው ያነጋግራሉ፤ 573 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤታማነቱን መሰከረ። ምርቃታቸው የሚፈለግ፣ ቃላቸው የሚከበር፣ ዱበርቲ የሚባሉ ሴቶች ባሉበት በራያ ይህ ባዕድ ሐሳብ አይደለም። የሚያሰጋው ሌላ ነው። ክትባቱንም፣ እርግዝናውንም፣ መጸዳጃ ቤቱንም የተሸከመችው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ላይ ይህንም ያለ ተጨማሪ ደመወዝና ያለ ተቆጣጣሪ ብንጭንባት ሥራው ይሞታል። መድኃኒትም ከመጋዘን ካልወጣ ሥልጠና ከንቱ ነው። ሕሙማንን በሰንሰለት ማሰርም በባህል ስም ሊታለፍ አይገባም። በእንጦጦ ማርያም ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች ተነጋግረው ጠበሉና ክኒኑ አብረው እንዲሄዱ የሞከሩበት መንገድ እምነትን ሳይነኩ ሕመምተኛን ማትረፍ እንደሚቻል ያሳያል።

የእጅ ስልክና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን ሁሉ ዘለው ይሻገሩታል የሚሉም አሉ። ተስፋው ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር መርሳት አይቻልም። መስመሩ ሰው በጣም በሚጨነቅበት ሰዓት የሚዘጋ ሕክምና መሠረት ሊሆን አይችልም። ማሽኖቹም የሚማሩት ከተጻፈ ቃል ነው፤ የራያ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ደግሞ ገና ብዙ አልተጻፉም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከበረው ነው፦ ሕዝቡ የሚፈልገው ሰላምና እህል እንጂ ሥነ ልቦና አይደለም። ሰላምና እህል መቅደማቸው አያከራክርም። ይሁን እንጂ ሰላም ሲመጣም ቁርጡን ያላወቀው ቤት ልጁን ይጠብቃል፤ እህል ሲገባም በፍርሃት የቆየ ልጅ ትምህርት አይገባውም። አንዱ እስኪሞላ ሌላውን ማቆየት የሚችለው ሁለቱም ያልጎደሉበት ሰው ነው። እንዲያውም ቁርጥን መፈለግ ራሱ የሰላም ሥራ ነው፤ የጠፉትን መመዝገብ፣ የተቀበሩበትን ማሳየት፣ ለቤተሰብ በሥርዓት መንገር የሥነ ልቦና ሕክምናም የፍትሕ ግዴታም ነው። አዲሶቹ የበሽታ መዝገቦች ሐዘን ከስድስት ወር ወይም ከአንድ ዓመት ካለፈ እንደ ሕመም ሊታይ ይችላል ይላሉ። ሙት ዓመትና ሰባት ዓመት በሚታሰብበት አገር፣ መርዶውም ገና ባልተነገረበት ቤት፣ ቀኑ ከየት ይቆጠራል? ይህን መመለስ የሚችል የውጭ ሊቅ የለም። መመለስ ያለባቸው በደጃቸው ያሉት የወልድያ፣ የወሎና የራያ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ስለዚህ ለእነዚህ ተቋማት የሥነ ልቦና መምህራን የምለው አንድ ነገር ነው። መጠይቁን ከመተርጎማችሁ በፊት ዋጃ ገበያ ውላችሁ ሰው ሕመሙን በምን ቃል እንደሚናገር ጻፉ፤ ያገኛችሁትንም ለመጽሔት ከመላካችሁ በፊት ለተናገሩት ሰዎች መልሳችሁ አንብቡላቸው። በ1977 በማህፀን የነበሩት ዛሬ የልጆች ወላጆች ናቸው፤ በ2013 የተወለዱት ደግሞ ፊደል መቁጠር ጀምረዋል።